አያት በፊደል፣ የልጅ ልጅ በቁቤ፦ የንባብ ቦታ አንጎል ውስጥ የት ነው? ካርታውንስ እንዴት እንመነው?

ሮቤ ከተማ ውስጥ አንድ ቤት እናስብ። ልጁ አፋን ኦሮሞን በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደላት ያነባል። «አኮ» እያለ የሚጠራቸው አያቱ ግን ንባብ የለመዱት ትልቅ ሰው ከሆኑ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ዘመቻው ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር ትምህርቱ ይሰጥ የነበረው በአገራችን ቋንቋዎች ነበር፤ አፋን ኦሮሞም ከእነሱ አንዱ ነው። የሚጻፈው ግን በግዕዝ ፊደል ነበር። ቁቤ በይፋ የመጣው በ1984 ዓ.ም. ነው። እናም አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ቋንቋ እያወሩ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ማንበብ ያቅተዋል።

እዚህ ላይ ጥሩ ጥያቄ ይነሳል። ሁለቱ ሲያነቡ አንጎላቸው ውስጥ የሚሠራው ቦታ አንድ ነው ወይስ ይለያያል? በየድረ ገጹ የምናያቸው፣ ቀይና ቢጫ የተቀቡ ባለሦስት ገጽታ የአንጎል ሥዕሎች መልሱን የሚሰጡ ይመስላሉ። ግን ቆይ፤ ያ ቀለም እንዴት እዚያ ደረሰ? ይህን ካላወቅን ሥዕሉ ሊያታልለን ይችላል።

አንድ ጥናት ለምን አይበቃም?

የኤፍኤምአርአይ መሣሪያ ሐሳብን በቀጥታ አያይም። የሚያየው ደምን ነው። አንድ የአንጎል ክፍል ሲሠራ ኦክስጅን የያዘ ደም በብዛት ይሄድለታል፤ ኦክስጅን ያለውና የሌለው ደም ደግሞ ለማግኔት የሚሰጡት ምላሽ የተለያየ ነው። ይህን ጃፓናዊው ሴይጂ ኦጋዋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 አሳዩ።

መሣሪያው አንጎልን በትናንሽ ኪዩቦች ከፋፍሎ ይለካል። እያንዳንዱ ኪዩብ «ቮክሰል» ይባላል፤ ብዙ ጊዜ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል እንጂ ውስጡ ብዙ መቶ ሺህ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። አንድ አንጎል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቮክሰሎች ስለሚኖሩት፣ አንዳንዶቹ በአጋጣሚ ብቻ «የሠሩ» መስለው መታየታቸው አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2009 ክሬግ ቤኔትና ጓደኞቹ ይህን ለማሳየት አንድ የሞተ ሳልመን ዓሣ መሣሪያው ውስጥ አስገብተው የሰዎች ፎቶ አሳዩት። በትክክል ያልታረመው ስሌት የሞተው ዓሣ አንጎል «ሲያስብ» አሳየ! ቀልድ ይመስላል፤ መልእክቱ ግን ከባድ ነው።

በዚያ ላይ አንድ ጥናት ብዙ ጊዜ የሚያሳትፈው አሥራ ምናምን ወይም ሃያ ሰው ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሜታ-አናሊሲስ ይሠራሉ፤ የጥናቶች ጥናት ልንለው እንችላለን። አዲስ ሰው መሣሪያ ውስጥ አይገባም። የሚሰበሰበው ሌሎች ያሳተሙት ውጤት ነው።

ቀይ ቀበሮ ፍለጋ

ሥራውን በባሌ ምሳሌ እንየው። ሰነቴ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮ በብዛት የት እንደሚውል ማወቅ ፈለግን እንበል። (ከዓለም ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት ባሌ ውስጥ ነው።) ብዙ ቡድኖች በየጊዜው ሄደው ያዩበትን ቦታ በነጥብ መዝግበዋል። ምዝገባው ግን ፍጹም አይደለም፤ አንዱ በጭጋግ ውስጥ አይቷል፣ ሌላው ርቀቱን በዓይን ገምቷል። ስለዚህ እያንዳንዷን ነጥብ እንደ ቁርጥ ያለ ቦታ ሳይሆን እንደ ትንሽ ጉም እንቁጠራት፤ መሐሏ ደመቅ፣ ዳርዋ ሳሳ ያለ። የብዙ ቡድኖች ጉም የተደራረበበት ቦታ ላይ ቀበሮው በእርግጥ እንደሚውል እንገምታለን።

ኤኤልኢ የሚባለው ዘዴ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ስሙ ሲተረጎም «የመነቃቃት ዕድል ግምት» እንደማለት ነው። ፒተር ተርከልታውብና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲያቀርቡት የሞከሩበት ርእስ ደግሞ የሚገርም ነው፤ ንባብ! ነጠላ ቃላትን ድምፅ አውጥቶ ስለማንበብ የተሠሩ 11 ጥናቶችን ነበር ያጣመሩት።

ስሌቱ ቀላል ነው። ለምሳሌ እንዲመቸን ቁጥሮቹን እናጋንናቸውና፣ በአንድ ቮክሰል ላይ የሦስት ጥናቶች የጉም ድምቀት 0.3፣ 0.2 እና 0.1 ይሁን። ከሦስቱ አንዳቸውም እዚያ ያለመሆናቸው ዕድል 0.7 × 0.8 × 0.9 = 0.504 ነው። ስለዚህ ቢያንስ አንዱ እዚያ የመሆኑ ዕድል 1 − 0.504 = 0.496 ይሆናል። ይህ ለእያንዳንዱ ቮክሰል ይሰላል። ብዙ ሰው ያሳተፈ ጥናት ቦታውን በተሻለ ስለሚያውቅ ጉሙ ጠበብ ያለ ይሆናል።

ከዚያ ወሳኙ ጥያቄ ይመጣል፦ መደራረቡ በአጋጣሚ ቢሆንስ? ኮምፒውተሩ ነጥቦቹን አንጎል ውስጥ በዘፈቀደ ይበትናቸዋል፤ ይህንን ሺህ ጊዜና ከዚያም በላይ ይደግመዋል። እውነተኛው መደራረብ ከአጋጣሚው በግልጽ ከበለጠ ብቻ ይቀራል፤ ሌላው ይጣላል። ጥናቶቹ በጣም ጥቂት ከሆኑ ግን አንዱ ብቻውን ውጤቱን ሊጎትተው ይችላል። ለዚህ ነው ባለሙያዎች ቢያንስ ከ17 እስከ 20 ሙከራዎች ይኑሩ የሚሉት።

ሁለት ካርታ፣ ሁለት መነሻ

ነጥቦቹ የሚጻፉት በሦስት ቁጥሮች ነው፦ ግራ-ቀኝ፣ ፊት-ኋላ፣ ላይ-ታች፤ ሁሉም በሚሊ ሜትር። መነሻው የግራውንና የቀኙን አንጎል ከሚያገናኙት የነርቭ ድልድዮች የፊተኛው ነው። ለምሳሌ የተጻፈ ቃልን በመለየት የታወቀው ቦታ −43፣ −54፣ −12 አካባቢ ይገኛል። ከመነሻው 43 ሚሊ ሜትር ወደ ግራ፣ 54 ወደ ኋላ፣ 12 ወደ ታች ማለት ነው።

ችግሩ ቁጥሩ የየትኛው ካርታ ነው የሚለው ነው። ቀደምቱ፣ ታላራክና ቱርኑ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተሙት አትላስ፣ የተሠራው ካረፉ አንዲት የ60 ዓመት ሴት አንጎል ነው። በኋላ በሞንትሪያል የተሠራው ደግሞ በብዙ ሰዎች አማካይ ላይ የቆመ ነው፤ ከእትሞቹ አንዱ የ152 ሰዎች አማካይ ነው። የሁለቱ ካርታዎች አንጎል መጠኑም ቅርጹም አይገጥምም። ተመሳሳይ ቁጥር በሁለቱ ላይ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ሊራራቅ ይችላል።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የአገራችን የቆዩ 1:50,000 የወረቀት ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል የልኬት መነሻ ነው። የስልካችን ጂፒኤስ ግን ደብሊውጂኤስ 84 የሚባለውን ይጠቀማል። ከጎባ በላይ ያለ አንድን ቦታ ቁጥር ከስልክ ወስዶ ሳይቀይር ወረቀቱ ላይ ምልክት ያደረገ ሰው ከ200 ሜትር በላይ ይስታል። ገደል አፋፍ ላይ ከሆነ ደግሞ 200 ሜትር ብዙ ነገር ነው።

አንጎልም ላይ ገደል አለ። የቃል መለያው ቦታ ልክ ከሴሬቤለም (ከንኡስ አንጎል) በላይ ነው ያለው። ቁጥሩን ከአንዱ ካርታ ወደ ሌላው ሳይቀይር የሚደምር ሰው ነጥቡን ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ታች አውርዶ «ንባብ የሚሠራው በሴሬቤለም ነው» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ስህተቱን የሠራው አንጎሉ ሳይሆን ካርታው ነው።

የተጨማደደ እንጀራ

አሁን በኪዩቦች የተሞላ፣ ባለ ሦስት አቅጣጫ ውጤት በእጃችን አለ። እንዴት እናሳየው? እንደ ዳቦ ቆርጠን ቁራጭ በቁራጭ ማየት ይቻላል፤ ትክክለኛ ነው፣ ግን ላልለመደ ሰው አስቸጋሪ ነው። ሌላው መንገድ በአንጎል ገጽ ላይ መቀባት ነው።

ይህ ገጽ የአንጎል ቅርፊት ይባላል። ውፍረቱ በአማካይ 2.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ ቢዘረጋ ወደ 2,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ስፋቱን ለመገመት 50 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው የምጣድ እንጀራ አስቡ፤ ስፋቱ 1,963 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ውፍረቱም ቢሆን ሩቅ አይደለም! (እውነቱን ለመናገር ቅርፊቱ ለግራና ለቀኝ ሁለት ቁራጭ ነው።) ይህን እንጀራ ራስ ቅል ውስጥ ለማስገባት መጨማደድ ግድ ነው። ስለዚህ ጉብታና ሸለቆ ተፈጠረ። ከቅርፊቱ ሁለት ሦስተኛ ገደማ የተደበቀው ሸለቆ ውስጥ ነው።

ፍሪሰርፈር የተባለው ነፃ ሶፍትዌር፣ በአንደርስ ዴልና በብሩስ ፊሽል የተጀመረው፣ ከኤምአርአይ ምስል ላይ ይህን ገጽ ያወጣል። መጀመሪያ ግራጫው ቅርፊትና ከሥሩ ያለው ነጭ ክፍል የሚለያዩበትን ድንበር ይከተላል፤ ከዚያ የቅርፊቱን የውጭ ጠርዝ ያገኛል። ገጹ የሚሠራው በትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች መረብ ነው። ከ40 ሰዎች አማካይ የተሠራው የተለመደው መደበኛ ገጽ በአንድ ጎን ብቻ 163,842 ነጥቦችና 327,680 ሦስት ማዕዘኖች አሉት።

መረቡ ከተሠራ በኋላ እንደ ፊኛ መንፋት ይቻላል። ሸለቆው ይገለጣል፣ የተደበቀው ይታያል። በተነፋው ሥዕል ላይ ፈዛዛው ግራጫ ጉብታ፣ ጠቆር ያለው ሸለቆ የነበረው ነው።

ቀለም መቀባቱ እንዲህ ነው፦ ለእያንዳንዱ የመረቡ ነጥብ፣ በውስጠኛውና በውጨኛው ጠርዝ መካከል ያለው ቦታ የትኛው ቮክሰል ውስጥ እንደሚወድቅ ይፈለጋል። የዚያ ቮክሰል ዋጋ ይነበባል፤ ነጥቡም በዋጋው ልክ ቀለም ይቀባል። በቃ። ልብ በሉ፤ ስታቲስቲክሱ ያለቀው ቀድሞ፣ በኪዩቦቹ ላይ ነው። ገጹ ላይ አዲስ ግኝት አይጨመርም፤ ማሳያ ብቻ ነው።

ሥዕሉ የሚያታልልባቸው አራት መንገዶች

*የገደሉ ማዶ።* ከሰነቴ አምባ ጫፍ ወደ ሐረና ጫካ ቁልቁል ስታዩ ማዶው የቀረበ ይመስላል፤ በእግር ሲኬድ ግን ሌላ ነው። አንጎልም ላይ የአንድ ሸለቆ ሁለት ግድግዳዎች በኪዩብ ዓለም ጎረቤታሞች ናቸው፤ በገጹ ላይ ግን የተራራቁ፣ ሥራቸውም የተለያየ ነው። በጎን በኩል ባለው ትልቁ ስንጥቅ በአንዱ በኩል አፍንና ምላስን የሚያንቀሳቅስ ክፍል፣ በሌላው በኩል ድምፅ የሚሰማ ክፍል አለ። ድምፅ አውጥተን ስናነብ ሁለቱም ይሠራሉ። የሜታ-አናሊሲስ ጉም 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሰፋ ግን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ይፈስሳል። ሲነፋ አንዱ ጉም ሁለት የተለያየ ቦታ ሆኖ ይታያል፤ ያላወቀ ሰው ሁለት ግኝት ነው ይላል።

*የውሸት ጥራት።* ውጤቱ የብዙ መቶ ሰዎች ነው፤ ደብዛዛ ነው። አንዳንዶች ግን ጥርት ባለ የአንድ ሰው አንጎል ላይ ይቀቡታል። እንዲያውም አንድ ሰው 27 ጊዜ ተነሥቶ የተሠራ በጣም የታወቀ ምስል አለ። ሲያምር! ግን የዚያ ሰው ሸለቆ የእናንተ ሸለቆ አይደለም። ከ40 ሰዎች አማካይ የተሠራው ገጽ ለስለስ ያለ፣ ዝርዝሩ የደበዘዘ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን የበለጠ ሐቀኛ ነው።

*የማይታየው ዋሻ።* ወይብ ወንዝ ሶፍ ዑመር ሲደርስ ከመሬት በታች ይገባል። ዋሻው ወደ 15 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ የመሬቱን ገጽ ብቻ በሚያሳይ ካርታ ላይ ግን አይታይም። አሚግዳላ፣ ታላመስና ሌሎች ጥልቅ ክፍሎችም እንዲሁ ናቸው። የፍርሃት ወይም የሱስ ሜታ-አናሊሲስን በገጽ ላይ ብቻ የሚያሳይ ሥዕል ዋናውን ነገር ሊደብቅ ይችላል። ስለዚህ ከገጹ ጎን የቁራጭ ምስልም ሊኖር ይገባል።

*ያልዞረ አንጎል።* የንባቡ ቦታ ያለው ከግራው አንጎል ሥር፣ ሸለቆ ውስጥ ነው። ከጎን ብቻ የተነሣ ሥዕል ላይ ሊጠፋ ይችላል። ቱሉ ዲምቱን (4,377 ሜትር) ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ያየ ሰው ተራራውን አየሁ አይልም፤ አንጎልም መዞር አለበት። ባለሦስት ገጽታ ሥዕል ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው።

ወደ አያትና የልጅ ልጅ እንመለስ

እ.ኤ.አ. በ2005 ቦልገር፣ ፐርፌቲና ሽናይደር ከኤኤልኢ ጋር ወንድማማች በሆነ ዘዴ የተለያዩ የአጻጻፍ ሥርዓቶችን አነጻጸሩ። በእንግሊዝኛና በሌሎች የምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች 25 ጥናቶች፣ በቻይንኛ 9፣ በጃፓን ካና 5፣ በካንጂ 4፤ በድምሩ 43 አጠናቀሩ። ውጤቱ? ጽሕፈቱ ምንም ይሁን ምን በግራው አንጎል ሥር፣ ፊዩዚፎርም በሚባለው ጉብታ መካከል ያለው ቦታ በሁሉም ላይ ተገኘ። ልዩነት አልጠፋም፤ ቻይንኛ ለምሳሌ የቀኙን የኋላ ክፍል በይበልጥ ያሳትፋል። መሠረቱ ግን የጋራ ነው።

ዕድሜስ? ስታኒስላስ ዴሃኔና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 በፖርቱጋልና በብራዚል 63 ጎልማሶችን መረመሩ። ማንበብ የማይችሉ፣ በልጅነታቸው የተማሩና ካደጉ በኋላ የተማሩ ሰዎች ነበሩ። የንባብ ችሎታ ሲጨምር ያ ቦታ ለጽሑፍ የሚሰጠው ምላሽም ይጨምራል፤ ዘግይተው በተማሩትም ላይ ጭምር። የአኮ አንጎል በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ተለውጧል ብለን ለመገመት ጥሩ ምክንያት አለን ማለት ነው።

ስለዚህ ፊደልና ቁቤ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ ብለን መጠበቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር እንጠንቀቅ። አንደኛ፣ «አንድ ቦታ» ማለት አንድ ዓይነት ሕዋሳት ማለት አይደለም። በዓለም ካርታ ላይ ሮቤና ጎባ አንድ ነጥብ ናቸው፤ መሬት ላይ ግን በመካከላቸው 14 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ሁለተኛ፣ 43ቱን ጥናቶች እንደገና ቁጠሯቸው። ላቲን አለ፣ ቻይንኛ አለ፣ ጃፓንኛ አለ። የግዕዝ ፊደል የለም። 33ቱ ፊደላት በሰባት ቤት 231 ቅርጽ አላቸው፤ ተነባቢና አናባቢ በአንድ ምልክት ይጣመራሉ። እንደ ላቲንም አይደለም፣ እንደ ካናም አይደለም። ያ ቆንጆ ባለቀለም አንጎል «የሰው ልጅ ንባብ» ተብሎ ሲቀርብ ያልተቆጠርን እኛ ነን።

እናንተስ?

ደስ የሚለው፣ ይህ ሥራ የራስ ኤምአርአይ መሣሪያ አይጠይቅም። መጋጠሚያ ቁጥሮቹ በታተሙ ጽሑፎች ሠንጠረዥ ውስጥ አሉ። ኤኤልኢን የሚያሰላው ጂንጀርኤኤልኢ፣ ገጹን የሚሠራው ፍሪሰርፈር፣ የሚቀባው ሰርፍ አይስ፤ ሁሉም በነፃ ይወርዳሉ። ሮቤ የሚገኘው መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ተማሪ፣ ላፕቶፕ፣ ትዕግሥትና ጥሩ ጥያቄ ካለው ሊጀምረው ይችላል። የፊደል አንባቢዎችን የሚመለከቱ አዳዲስ መለኪያዎች መሥራት ሌላ፣ ትልቅ ሥራ ነው፤ ግን ካርታ ማንበብ የቻለ ሰው ባዶው ቦታ የት እንዳለ ያውቃል።

እስከዚያው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ባለቀለም አንጎል ስታዩ አራት ነገር ጠይቁ፦ ስንት ጥናት ተጣመረ? ቁጥሮቹ በየትኛው ካርታ ናቸው? የተቀባው የማን አንጎል ገጽ ላይ ነው? ከሥሩ ያልታየ ምን አለ? መልሱ ሥዕሉ አጠገብ ከሌለ፣ ቀለሙን ሳይሆን ሠንጠረዡን ፈልጉ።